የሬዲዮ ድራማ በሞያሌ ድንበር፦ ከአጭር ሞገድ ዘመን እስከ ኤፍ ኤም

የሬዲዮ ድራማ መድረክና መጋረጃ ሳይኖረው በድምፅ ብቻ የሚቀርብ ተውኔት ሲሆን፣ በእርሱ ውስጥ ሰዎቹ የሚታወቁት በአነጋገራቸው፣ ቦታውና ሰዓቱ የሚታወቀው ደግሞ የድምፅ ማጀቢያ በሚባለው፣ ማለትም በበር መንኳኳት፣ በኮቴ፣ በዝናብ፣ በከብት ድምፅና በሙዚቃ ነው። የዚህ የጥበብ ዘርፍ ታሪክ በምሥራቅ አፍሪካ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከስቱዲዮዎቹ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከናይሮቢ ነው፤ ደራሲዎቹም ተዋናዮቹም ገንዘቡም እዚያ ስለነበሩ ይህ አያስወቅስም። ይሁን እንጂ ድራማው በደህናው ዘመን እስከ የት ይደርስ እንደነበርና ኋላ ምን ያህል እንዳጠረ ለመለካት ዋና ከተማ አይመችም፤ የተሻለው መመልከቻ ዳሩ ነው። የኬንያዋ ሞያሌ ከእነዚህ ዳሮች አንዷ ናት። ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ በኢትዮጵያ በኩል ካለችው ሞክሼዋ በድንበር መስመር ብቻ የምትለይ፣ ቦረና፣ ገብራ፣ ቡርጂ፣ ገሪና ሶማሌ፣ ከመሃል አገር የመጣ ነጋዴም ጭምር አብሮ የሚኖርባት ከተማ ናት። ሞያሌ በሬዲዮ ታሪክ ውስጥ የምትጠቀሰው ድራማ ስለተሠራባት ሳይሆን ከሩቅ የተላከ ድራማ ስለተደመጠባት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው፤ የሁለት አገሮችን ታሪክ በሁለት የዘመን አቆጣጠር መተረክ አንባቢን ከማድከም በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።)

ከተማዋን ለሁለት የከፈለው መስመር መነሻው የኢትዮጵያና የብሪታንያ መንግሥታት በ1907 የተፈራረሙት የወሰን ስምምነት ነው። በዚያው ዘመን በብሪታንያ አገልግሎት ላይ የነበረው ግሪካዊው ፊሊፕ ዛፊሮ ፎርት ሃሪንግተን የተባለውን ምሽግ በሞያሌ አቋቋመ፤ በኬንያ በኩል ያለችው ከተማም በዚህ የጦርና የጉምሩክ ጠባቂ ሰፈር ዙሪያ አደገች። የቅኝ አገዛዙ መንግሥት ሰሜኑን ክፍል በ1926 ዝግ አውራጃ አድርጎ ስለደነገገው ያለ ፈቃድ ወረቀት መውጣትም መግባትም የተከለከለ ነበር። ለንደን ላይ ሪቻርድ ሂዩዝ የተባለው ደራሲ በከሰል ማዕድን ጉድጓድ ጨለማ ውስጥ ስለቀሩ ሰዎች የጻፈው ተውኔት በጃንዋሪ 1924 በቢቢሲ ሲተላለፍ፣ ይህም በተለይ ለሬዲዮ ከተጻፉት ተውኔቶች የመጀመሪያው ሆኖ ሲቆጠር፣ ሞያሌ ገና በእግርና በግመል የሚደረስባት ነበረች። ናይሮቢ በ1928 ስርጭት ብትጀምርም የሚያዳምጡት ነጭ ሰፋሪዎች ነበሩ። በአዲስ አበባ በኩልም ስርጭት የተሰማው በ1935፣ የጣሊያን ወረራ ሊጀምር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው፤ ወራሪው ከተማውን ሲይዝም ያ ጅምር ተቋረጠ።

ጦርነቱ ሞያሌን ራሷን አልማራትም። በጁላይ 1940 የጣሊያን ጦር የብሪታንያውን ምሽግ ከበባ አድርጎ ያዘው፤ በ1941 መጀመሪያ ደግሞ መልሶ ለቀቀው። ለሬዲዮ ታሪክ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ናይሮቢ በአፍሪካ ቋንቋዎች ማሠራጨት የጀመረችው በዚህ ጦርነት ጊዜ፣ ለአፍሪካውያን ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው ወሬ ለማድረስ ሲባል ነው። ስለዚህ በአካባቢው የሬዲዮ መነሻ ኪነ ጥበብ አልነበረም፤ መንግሥትና ጦር በየቋንቋው መናገር ስለፈለጉ የተዘረጋ መሥመር ነበር፤ ድራማው በዚህ መሥመር ላይ ተሳፍሮ የመጣ ተጓዥ ነው። ይህ ጥገኝነት እስከ መጨረሻው አብሮት ዘልቋል።

እውነተኛው የአድማጭ ዘመን የተጀመረው በ1950ዎቹ ማብቂያና በ1960ዎቹ፣ ትራንዚስተር የተባለችው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሬዲዮን ከግድግዳ መብራት አላቅቃ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ዕቃ ስታደርገው ነው። መብራት በሌለበት ሰፈር፣ ከብት በሚጠብቅ እረኛና በጭነት መኪና ሹፌር እጅ ሬዲዮ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ኬንያ ነፃነቷን በ1963 አገኘች፤ በ1964 የማሠራጫ ድርጅቱ ወደ መንግሥት ዞሮ የኬንያ ድምፅ ተባለ። በሰሜኑ ግን ነፃነትና ጦርነት አብረው መጡ፤ ሶማሊያ ግዛቱን በመጠየቋ የተቀሰቀሰውና በኬንያ የሺፍታ ጦርነት የሚባለው ግጭት ከ1963 እስከ 1967 ቀጠለ። በእነዚህ ዓመታት የሞያሌ ሰማይ በድምፅ የተጣበበ ነበር። ሬዲዮ ሞቃዲሾ በሶማልኛም በኦሮምኛም ይናገራል፤ የኬንያ ድምፅ በበኩሉ ለሰሜኑ ሕዝብ በራሱ ቋንቋዎች መልስ ይሰጣል፤ ከአዲስ አበባ አማርኛ ይሰማል። ከ1963 ጀምሮ ደግሞ የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በኃይለኛ የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎቹ በአማርኛና በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ይደርሳል። መንግሥታት ድንበር ላይ በሬዲዮ ሲፎካከሩ የዳሩ ከተማ አድማጭ ያለ ክፍያ ተጠቃሚ ሆነ፤ ዜናውንና ውግዘቱን ለመስማት የተከፈተው ሬዲዮ ዘፈኑንና ተውኔቱንም ያሰማ ነበርና።

ከሦስቱ አቅጣጫዎች፣ ከሞቃዲሾ፣ ከናይሮቢና ከአዲስ አበባ፣ በተውኔት ቀድሞ የበሰለው የሶማልኛው ነው። ሪዋያድ የሚባለው የሶማሊያ መድረክ ተውኔት ግጥምና ዘፈን በብዛት የሚገባበት፣ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ የሚያደላ በመሆኑ ለሬዲዮ የተፈጠረ ያህል ነበር። በ1968 የቀረበው የሐሰን ሼኽ ሙሚን ተውኔት ሻቤልናጎድ በዚህ ዘመን ከታወቁት አንዱ ነው። በ1967 በሞቃዲሾ ብሔራዊ ቴአትር ከተከፈተ በኋላ በዚያ የሚታዩ ተውኔቶች እየተቀረጹ በሬዲዮ ይተላለፉ፣ ኋላም በካሴት እየተባዙ በንግድ መሥመሮች ሁሉ ይዞሩ ነበር። ካሴቱ ሬዲዮ በማይይዝበት ቦታ የሬዲዮ ምትክ ስለነበር፣ በሞያሌ ዓይነት የንግድ ከተማ ድራማ ከአየርም ከሱቅም የሚገኝ ዕቃ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የጊዜ መጋጨት ልብ ሊባል ይገባል። በአሜሪካ ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ የቀሩትን ሁለት ታላላቅ ሳምንታዊ የሬዲዮ ድራማዎቹን በሴፕቴምበር 30 ቀን 1962 አቁሟል። ቴሌቪዥን አድማጩንም ማስታወቂያ አስነጋሪውንም ወስዶበት የአሜሪካ የሬዲዮ ድራማ ባበቃበት ዓመት ማግሥት የምሥራቅ አፍሪካው ገና መጀመሩ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ቢከፈትም ለብዙ ዓመታት ከዋና ከተማው ነዋሪ አልፎ ያገለገለው ጥቂት ስለሆነ፣ ሬዲዮ ከአንድ ትውልድ በላይ ተቀናቃኝ አልነበረውም። ብሪታንያ ደግሞ ከ1951 ጀምሮ ዘ አርቸርስ የተባለውን ስለ ገበሬዎች ኑሮ የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ሳታቋርጥ ስታሰማ ኖራለች፤ ተከታታይ ድራማ ማለት አንድ ታሪክ በየሳምንቱ ወይም በየቀኑ እየተቆረሰ፣ ልብ በሚያንጠለጥል ቦታ እየቆመ የሚቀርብበት ነው፤ ድራማው የተጀመረው በግብርና ሚኒስቴር ምክር፣ አዲስ የእርሻ ዘዴ በጨዋታ መሐል ለማስተማር በመሆኑ፣ ለኋለኛው የአፍሪካ የሬዲዮ ድራማ ሳይታወቅ ምሳሌ ሆኗል።

በኢትዮጵያ በኩል ደርግ በማርች 1977 ብሥራተ ወንጌልን ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው፤ ኃይለኞቹ ማሠራጫዎችም በመንግሥት እጅ ገቡ። የዘመኑ ሬዲዮ መፈክር የበዛበት መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ የአማርኛ የድምፅ ጥበብ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው በዚሁ ጊዜ መሆኑን መካድ አይቻልም። የዚህም ዋና ምስክር ከመጻሕፍት ዓለም የተሰኘው ዝግጅት ነው። ዝግጅቱ የሚያቀርበው ትረካ፣ ማለትም አንድ ተራኪ ልብ ወለድን ሰው ሁሉ እየሆነ በድምፁ የሚያነብበት ዓይነት ስለሆነ፣ ጠበብ አድርጎ ለሚተረጉም ሰው ድራማ አይደለም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ሲተርክ ግን ልዩነቱ ትርጉም ያጣል፤ የእርሱ ፊታውራሪ መሸሻና የእርሱ ጉዱ ካሣ በሁለት ሰው የተነገሩ እስኪመስሉ ድረስ የተለያዩ ነበሩ። መጽሐፉን ያላነበበ፣ ጭራሹንም ማንበብ የማይችል ሰው ታሪኩን ያወቀው በዚህ ድምፅ ነው። ከዚህ ትረካ በኋላ የአማርኛ አድማጭ ከሬዲዮ የሚጠብቀው ነገር ተለወጠ፤ ለዚህ ጽሑፍ ሚዛን፣ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ ከዚህ የበለጠ አንድ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ድምፅ እስከ ሞያሌ የሚደርስበት ምክንያት የሞገዱ ጠባይ ነው። መካከለኛ ሞገድ የሚባለው የስርጭት ዓይነት ቀን ቀን መሬት ለመሬት እየሄደ ቶሎ ይደክማል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ከላይኛው የአየር ንብርብር ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አጭር ሞገድ ደግሞ በዚሁ መንገድ አህጉር ያቋርጣል፤ ዋጋው ግን ድምፁ የሚሄድና የሚመጣ፣ የሚያፏጭ መሆኑ ነው። ስለዚህ ራቅ ያለ አድማጭ ጥሩ የሚይዝለት ሌሊቱ ሲሆን፣ ድራማና ትረካም የምሽት ዝግጅት መሆናቸው ለዳር አገር የተመቸ ነበር። የድንበር ጠባቂ ሞገድ አያስቆምም፤ ከአንዱ መንግሥት ስቱዲዮ የወጣ ታሪክ በሌላው መንግሥት ግዛት ውስጥ ሳይፈተሽ ያድራል።

ኬንያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ የያዘችው በ1980ዎቹ ነው። ሚጌል ሳቢዶ የተባለ የሜክሲኮ የቴሌቪዥን አዘጋጅ በ1970ዎቹ አንድ ዘዴ ቀምሮ ነበር፤ በዚህ ዘዴ ድራማው ሦስት ዓይነት ሰዎች ይኖሩታል፦ መልካሙን የሚወክል፣ ክፉውን የሚወክል፣ በሁለቱ መሐል የሚዋልልና ቀስ በቀስ የሚለወጥ። አድማጭ የሚከተለው ሦስተኛውን ነው፤ ስብከት ከሰማ ይሸሻል፤ ራሱን የሚመስል ሰው ሲሳሳትና ሲታረም ካየ ግን አብሮ ያስባል ነው ነገሩ። ይህ ዘዴ ወደ አፍሪካ ሲገባ ቀድሞ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኬንያ ስትሆን፣ በ1987 ለቴሌቪዥን ቱሻውሪያኔ፣ ለሬዲዮ ደግሞ በቶም ካዙንጉ የሚመራው ኡሺክዋፖ ሺካማና የተባሉ የስዋሂሊ ድራማዎች ቀረቡ። የሬዲዮው ርዕስ የሚረዳህ ስታገኝ አንተም ታገል እንደማለት ሲሆን፣ ጉዳዩ የቤተሰብ ምጣኔ ነበር። ከዚያም ዘዴው ወደ ታንዛኒያ ሄደ። በ1993 የተጀመረው ትዌንዴ ና ዋካቲ በመላ አገሪቱ ሲተላለፍ ዶዶማ ላይ ብቻ ለሁለት ዓመት እንዳይሰማ ተደረገ፤ ተመራማሪዎች ድራማውን የሰማውንና ያልሰማውን ሕዝብ ለማነጻጸር ፈልገው ነው። የሬዲዮ ድራማ የሰው ጠባይ ይለውጥ እንደሆነ በዚያ ስፋት በተነጻጻሪ አካባቢ የተፈተነበት ሁኔታ ከዚያ በፊት የተለመደ አልነበረም። ውጤቱ ለድራማው አዎንታዊ ሆነ፤ ከዚህ በኋላ የሬዲዮ ድራማ በለጋሾች ዓይን የጤና መሣሪያ ሆኖ ተቆጠረ። ገንዘብ መጣ፤ ከገንዘቡ ጋር ግን የጥበቡ ዕድሜ በፕሮጀክት ዘመን መለካት ጀመረ።

የ1991 ዓመት በሁለት አቅጣጫ የሞያሌን አየር ለወጠ። በጃንዋሪ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት ወድቆ የሞቃዲሾ ሬዲዮና ቴአትር አብረው ፈረሱ፤ የሶማልኛው ተውኔት ለዓመታት በካሴትና በስደተኛ መሐል ብቻ ኖረ። በሜይ ደግሞ ደርግ ወድቆ የኢትዮጵያ ሬዲዮ መንግሥት ለወጠ። በናይሮቢም ስሙን በ1989 የኬንያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ያደረገው ድርጅት የብቸኝነት ዘመኑ ሊያበቃ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ግን ውድቀት አይደለም፤ ትልቁ ከፍታ ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት የሳቢዶን ዘዴ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ የአገር ውስጥ ሥራውን የመሩት ቀድሞ የብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ንጉሤ ተፈራ ናቸው። ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት ሕዝቡ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ጠለፋና ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ምን እንደሚያስብ ጥናት ተደረገ፤ ደራሲዎቹም ሠለጠኑ። ከጁን 2 ቀን 2002 እስከ ኖቬምበር 27 ቀን 2004 ድረስ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሁለት ድራማዎች ጎን ለጎን ተላለፉ፦ በአማርኛ የቀን ቅኝት 257 ክፍሎች፣ በኦሮምኛ ዲምቢባ 140 ክፍሎች። ሁለት ዓመት ተኩል በሳምንት ሁለት ጊዜ ገደማ አንድ ታሪክ ማሰማት በአማርኛ ሬዲዮ ያልተለመደ ጽናት ነበር። ፍቅርተ የተባለችው የቀን ቅኝት ሴት በአድማጭ ዘንድ እንደ ጎረቤት ትቆጠር ጀመር፤ ለአዘጋጆቹም ከ15,000 በላይ ደብዳቤዎች ደረሱ። ድርጅቱ በ48 የጤና ተቋማት ባደረገው ጥያቄ፣ ለሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት አዲስ ከመጡት ሰዎች 63 ከመቶዎቹ ከእነዚህ ድራማዎች አንዱን እንደሚያዳምጡ ተናግረዋል።

ይህ አኃዝ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል፤ ወደ ጤና ተቋም የሚሄድ ሰው ቀድሞውንም ሬዲዮ የመስማት ዕድሉ ሰፊ ነውና፣ መስማቱ ለመሄዱ ብቸኛ ምክንያት አይሆንም። ደብዳቤዎቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቴምብር ገዝቶ፣ ወረቀት ፈልጎ፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችለው ጎረቤቱ ጭምር ወክሎ የጻፈ አድማጭ በአገሪቱ ዘንድ ለድራማ የነበረውን ጥማት ያሳያል። ለሞያሌ በተለይ ትርጉም የነበረው ዲምቢባ ነው። የቦረና ሕዝብ በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚናገረው የኦሮምኛ ዘዬ ከመሃል አገሩ ቢለይም እርስ በርስ ለመግባባት የሚያግድ አይደለም፤ ስለዚህ ስለ ጠለፋና ስለ ግርዛት የሚናገረው ድራማ ከአዲስ አበባ ሲነሣ አድራሻው ኢትዮጵያዊ ቢሆንም፣ ያው ልማድ ባለበት የኬንያ ወገን ጆሮ ለመግባት አስተርጓሚ አያሻውም ነበር። ኬንያ በበኩሏ በቦረንኛ፣ በቡርጂኛና በሬንዲሌኛ ለምሥራቁ ክፍል የምታሠራጨው የመንግሥት አገልግሎት ነበራት፤ የትልልቅ ድራማዎቿ ቋንቋ ግን ስዋሂሊ ሆኖ ቀረ። በሰሜን ስዋሂሊ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ የምትውል ሴት ከናይሮቢው ድራማ ይልቅ የአዲስ አበባው ይቀርባት ነበር ማለት ድፍረት አይሆንም።

የቀን ቅኝት በኖቬምበር 2004 ሲያበቃ የሬዲዮ ድራማ ያለበት መንገድ ተራራውን ጨርሶ ቁልቁል የሚወርድ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያው ጊዜ ሞገዱ ራሱ እየተቀየረ ነበር። ኤፍ ኤም የሚባለው ስርጭት ድምፁ እጅግ የጠራ ነው፤ ነገር ግን የሚሄደው እንደ ዓይን እይታ በቀጥታ ስለሆነ ከተራራ ጀርባ አይደርስም፤ ከማሠራጫው ጥቂት አሥርት ኪሎ ሜትሮች ርቆም ይጠፋል። ኬንያ በ1996 ካፒታል ኤፍ ኤም ሲፈቀድለት ይህን መንገድ ጀመረች፤ በ2000 ካሜሜ ኤፍ ኤም በኪኩዩኛ ሲከፈት ደግሞ በብሔረሰብ ቋንቋ የሚናገሩ የግል ጣቢያዎች ዘመን ገባ። ኢትዮጵያም በ2000 ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ከፈተች፤ በ2007 ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሥራ ጀመረ። የአዲስ አበባና የናይሮቢ አድማጭ ጥራት ያለው ድምፅና ብዙ ምርጫ አገኘ። ማስታወቂያ አስነጋሪውም ገንዘቡን ወደሚሰማው ከተሜ አዞረ። ብሔራዊው መካከለኛ ሞገድና አጭር ሞገድ በአንጻሩ መሣሪያው ያረጀ፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታው የበዛ፣ ማስታወቂያ የማይመጣለት ሆኖ ቀረ። ምርጡ ባለሙያ ወደ ኤፍ ኤም ሲሄድ ከከተማው 700 ኪሎ ሜትር የራቀው ሰው የሚሰማው ነገር ቀነሰ። ብዙ ጊዜ የሬዲዮ ድራማ የተዳከመው ሕዝቡ ቴሌቪዥን ስለወደደ ነው ይባላል፤ በሞያሌ ግን ቅደም ተከተሉ ይህን አይደግፍም፤ ድራማውን የሚያመጣው ሞገድ የሳሳው ቴሌቪዥኑ ከመስፋፋቱ አስቀድሞ ነው።

የኤፍ ኤሙ አሠራርም ለድራማ አልተመቸም። በአዲስ አበባ ጣቢያዎች ተባባሪ አዘጋጅ የሚባለው ሰው ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛል፤ ስፖንሰር ፈልጎ ወጪውን ይመልሳል፤ የተረፈው ትርፉ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚያዋጣው ሁለት ጋዜጠኞች ስለ እንግሊዝ እግር ኳስ የሚከራከሩበት ወይም አድማጭ ስልክ የሚደውልበት ዝግጅት ነው። የግማሽ ሰዓት ድራማ ግን ደራሲ፣ አዘጋጅ፣ አምስት ስድስት ተዋናይ፣ ልምምድ፣ ቀረጻና የድምፅ ቅንብር ይጠይቃል፤ አንዴ ተሰምቶም ያልቃል። በናይሮቢም የጠዋቱ ጨዋታና የስልክ ውይይት አየሩን የያዘው በዚሁ ስሌት ነው። በኤፍ ኤም ላይ በደንብ የቆየው ትረካ ነው፤ ሸገር ሼልፍን የመሰለ ዝግጅት የድሮውን የመጻሕፍት ንባብ ባህል ይዞ የዘለቀው አንድ ጥሩ ድምፅና አንድ መጽሐፍ ስለሚበቃው ነው።

ምስሉ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። በ2010 አካባቢ የተላለፈው ገመና፣ ከእርሱም ቀጥሎ የመጣው ሰው ለሰው የአማርኛ ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ሊሳካ እንደሚችል አረጋገጡ፤ በ2016 ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ እየተረጎመ ማቅረብ ጀመረ። ስለ ቃና ብዙ ተከራክረዋል፤ አብዛኛው ክርክር ስለ ባህል ነበር። ለሬዲዮ ታሪክ የሚያስገርመው ግን በድምፅ ብቻ ሰው የመሆን ሙያ፣ ማለትም የሬዲዮ ተዋናይ ዋና ሙያ፣ በአዲስ አበባ ሰፊና ቋሚ ሥራ ያገኘው የሌላ አገር ሰው ከንፈር ላይ ሲገጠም መሆኑ ነው። በሞያሌም ሁኔታው ተመቻቸ። የኬንያዋ ሞያሌ ከአገሯ የኤሌክትሪክ አውታር ይልቅ ለኢትዮጵያው ስለምትቀርብ መብራት የምታገኘው ድንበር ተሻግሮ ከሚመጣ መሥመር ነው፤ ከኢሲዮሎ የሚመጣው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድም በ2010ዎቹ አጋማሽ በአስፋልት ተጠናቆ ዕቃ በቀላሉ ይገባ ጀመር። መብራትና ዲሽ ያለው ቤት በባትሪ ድንጋይ ሞገድ የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም።

ለጋሾቹም መንገዳቸውን ለወጡ። በኤፕሪል 2013 በአምስት ሴቶች የሙዚቃ ቡድን ዙሪያ የተሠራው የኛ የተባለው የሬዲዮ ድራማና ውይይት በአማርኛ ተጀመረ፤ ገንዘቡ በዋነኛነት ከብሪታንያ መንግሥት የመጣ ነበር። የለንደን ጋዜጦች የግብር ከፋይ ገንዘብ ለዘፋኞች ይባክናል ብለው ከዘመቱ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2017 የብሪታንያ የልማት መሥሪያ ቤት ድጋፉን ማቋረጡን አስታወቀ። በአንድ አገር ፖለቲካ ውስጥ የተነሣ ጫጫታ በሌላ አገር ያለን ድራማ ሲያናጋ ይህ ግልጽ ምሳሌ ነው፤ የኛም ኋላ ተመልሶ የመጣው የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 የቢቢሲ ዓለም አቀፍ አገልግሎት በበጀት ቅነሳ ምክንያት የድራማ ስርጭቱን አቁሟል፤ ለአስርት ዓመታት ከአፍሪካ ደራሲዎች ተውኔት ሲቀበልና ሲያሰማ የኖረ ተቋም ነበር። ይኸው ቢቢሲ በ2017 በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ አዲስ አገልግሎት ሲከፍት በአጭር ሞገድ ያሰማው አጭር የዜና ዝግጅት ነው። ሞገዱ ለአፍታ ወደ ዳር ሲመለስ ተውኔት አልያዘም።

ዛሬ በኬንያ በኩል ለሰሜኑ ቅርብ የሆኑት ጣቢያዎች እንደ ማርሳቢቱ ሬዲዮ ጃንግዋኒ ያሉ ናቸው፤ ጣቢያው የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሲሆን ዋና ሥራው የአካባቢ ዜና፣ የሰላም ውይይት፣ የድርቅና የከብት ገበያ ወሬ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጣቢያ ድራማ የሚመጣው አንድ ድርጅት ስለ ክትባት ወይም ስለ ሰላም ተሠርቶ ያለቀ ቅጂ ሲልክለት ነው፤ የራሱ የድራማ ክፍል እንዲኖረው የሚያስችል ገቢ የለውም። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅቱን ዩኤስኤአይዲን ሲዘጋና የአሜሪካ ድምፅን ሲያዳክም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከሚውሉት ትልልቅ ምንጮች አንዱ ደረቀ።

የድምፅ ታሪክ የሚፈልግ የሞያሌ ሰው አሁን የሚያገኘው ከስልኩ ነው። የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በዩቲዩብ ይደመጣል፤ ተራኪን የመሰሉ የስልክ መተግበሪያዎችም የአማርኛ መጻሕፍትን በድምፅ ይሸጣሉ፤ የሶማልኛ የድሮ ሪዋያዶችም ከካሴት ወደ በይነ መረብ ተዛውረዋል። ይህ ሁሉ ግን ዳታ ይፈልጋል፤ ዳታው በድንበሩ በአንዱ ወገን በሽልንግ፣ በሌላው በብር ይከፈላል። በቴክኒክ ረገድ ከአዲስ አበባ ወይም ከናይሮቢ ድምፅ ወደ ሞያሌ ለመላክ የዛሬን ያህል የቀለለ ጊዜ አልነበረም፤ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ዋት ማሠራጫና ምሰሶ አያስፈልግም። የሚሰማው ግን በአብዛኛው የቀድሞው ሥራ ቅጂ ነው። 257 ክፍል የሚዘልቅ አዲስ ታሪክ ለመጻፍ፣ ደራሲ ለማሠልጠን፣ ተዋናይ ለሁለት ዓመት ተኩል ለማቆየት የሚጠይቀው ወጪ ዛሬም እንደ 2002ቱ ከባድ ነው፤ ያን ጊዜ የከፈለው የፓካርድ ፋውንዴሽን ዓይነት ለጋሽ ሲሆን፣ የሁለቱ አገሮች ማሠራጫ ድርጅቶች ያንን ወጪ በቋሚ በጀታቸው ውስጥ አልተኩትም።